ጠቅላላ ዕውቀት ለቤተ ሰብ፤ «የዐረብ ቍጥር» የማን ነው?

በዚህ ወር ስለ ሕንድ አገር ጥያቄና መልስ ልጽፍላችሁ የተነሣሁት ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳውም የአንዲት ተማሪ አንድ ነጥብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ መጨረሻ የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ይደረጋል። ባለፈው ውድድር ጠያቂውም ዳኛውም እኔ ነበርሁ። ጥያቄዎቹን ያወጣሁት ከገበያ ከተገዛች አንዲት ትንሽ የጥያቄና መልስ መጽሐፍ ሲሆን፥ ከምዕራፎቿ አንዱ ስለ ሕንድ የሚናገር ነው። ሁለቱ ቡድኖች እኩል ነጥብ ይዘው ወደ መጨረሻው ጥያቄ ደረሱ። «1፥ 2፥ 3 እያልን የምንጽፋቸው ቍጥሮች ከየትኛው ሕዝብ የተገኙ ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ብድግ ብላ «ከሕንዶች» አለች። መጽሐፏ ግን «ከዐረቦች» ትላለች። እኔም የታተመውን አምኜ «ተሳስተሻል» አልኋት። «መምህር፥ አያቴ ከሕንድ ነው የመጣው ብለውኛል» አለች። «ለአያትሽ አክብሮቴ ይድረሳቸው፤ መልሱ ግን የተጻፈው ነው» ብዬ አስቀመጥኋት። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ነጥቡ ለሌላው ቡድን ተሰጠ፤ ሽልማቱ መዝገበ ቃላትም ነጥቡን ተከትሎ ሄደ።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብላ ስታየኝ ነገሩ ከነከነኝና ማታ ቤቴ ገብቼ ከዚያች ትንሽ መጽሐፍ የሚበልጡትን መጻሕፍት ገለጥሁ። ያገኘሁትን እነሆ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ልጅቱ ልክ ነበረች። ዘጠኙ አኃዞችና ባዶውን ቦታ የሚጠብቀው ክብ ምልክት የሕንድ ሊቃውንት ሥራ ናቸው። ብራህማጉፕታ የተባለው የሕንድ የሒሳብና የከዋክብት ሊቅ በ628 በጻፈው መጽሐፍ ባዶ ራሱ እንደ ቍጥር የሚደመርበትንና የሚቀነስበትን ሕግ ደንግጓል፤ አንድ ቍጥር ከራሱ ላይ ሲቀነስ ባዶ ይሆናል፥ ማናቸውም ቍጥር በባዶ ሲባዛ ባዶ ይሆናል ብሏል። ባዶ ለባዶ ሲካፈል ግን ባዶ ነው ማለቱን የዛሬው ሒሳብ አይቀበለውም። (ታላቁም ሊቅ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል ማለት ነው።) በጓሊዮር ከተማ ባለ አንድ ቤተ ጣዖት ግድግዳ ላይ በ876 በተቀረጸ ጽሕፈት ደግሞ 270 የሚለው ቍጥር ከነክቡ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ለእኛ የቀረበ ምስክርም አለ። በኤፍራጥስ ወንዝ አጠገብ በነበረው በቀንሽሬ ገዳም ሳዊሮስ ሴቦክት የሚባል ሶርያዊ ኤጲስ ቆጶስ ነበረ፤ የሶርያ ቤተ ክርስቲያንም በሃይማኖት እኅታችን ናት። ይህ አባት የግሪክን ጥበብ ጠንቅቆ ያወቀ ሲሆን፥ ዕውቀት ሁሉ የግሪኮች ብቻ ነው የሚሉትን ሲሰማ አልወደደም። በ662 በጻፈው ላይ ሕንዶች በዘጠኝ ምልክቶች ብቻ የሚሠሩትን ሒሳብ ከፍ አድርጎ አመስግኗል። ከሕንድ ውጭ ስለ እነዚህ አኃዞች ከተጻፉት ምስክርነቶች እጅግ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ይህ ነው። የገዳም ሰው ያየውን እኔ መምህሩ ከ1300 ዓመት በላይ ቆይቼ ሳላየው ቀረሁ!

ታዲያ የዐረብ ስም ከየት መጣ? በዘጠነኛው ምዕት ዓመት በባግዳድ የነበረው አል ኽዋሪዝሚ በሕንዶች ቍጥር እንዴት እንደሚታሰብ መጽሐፍ ጻፈ። የፒሳው ሊዮናርዶ ደግሞ አባቱ በንግድ ጉዳይ ተሹሞ በነበረበት በሰሜን አፍሪካ፥ በዛሬይቱ አልጄሪያ በቢጃያ ወደብ፥ ይህንኑ ሒሳብ በልጅነቱ ተምሮ በ1202 ለኤውሮፓ ሰዎች በመጽሐፍ አቀረበላቸው። እርሱ ራሱ የሕንዶች ዘጠኝ አኃዞች ብሎ ጠርቷቸዋል። ኤውሮፓውያን ግን ከዐረቦች እጅ ስለ ተቀበሉት የዐረብ ቍጥር አሉት። ዐረቦችስ? እነርሱ ዛሬም የሚጽፉባቸውን አኃዞች «የሕንድ ቍጥር» ይሏቸዋል! ይህ ዐይነቱ ነገር በእኛም ላይ ደርሷል። ቡናችን የበቀለው በእኛ ደን ሲሆን በሳይንስ ስሙ «ዐረቢካ» የተባለው፥ ኤውሮፓውያን በዐረቦች በኩል ስላወቁት ነው። በዚህ ስም ቅር የሚለን ሁሉ የሕንዶችን ቅሬታ ለማወቅ አይቸገርም።

ስለ ባዶ ምልክት ጥቂት ልጨምር፤ እኔን ከሁሉ የገረመኝ እርሱ ነውና። የግእዝ አኃዞቻችን ከግሪክ ፊደላት የመጡ ናቸው። ፪፻፭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ባዶ አያስፈልገውም፤ መቶው የራሱ ምልክት አለውና። ለመጻፍና ለማንበብ ያማሩ ናቸው። ነገር ግን ፪፻፭ን በ፴፬ አባዛ ብትሉኝ በወረቀት ላይ የት ጀምሬ የት እንደምደርስ አላውቅም። 205ን በ34 አባዛ ብትሉኝ ግን ልጆቻችሁ ሁሉ በሦስት መስመር 6970 ብለው ይመልሳሉ። ይህን ያስቻለው አኃዙ የቆመበት ቦታ ዋጋውን እንዲወስን መደረጉ ነው፤ ቦታው ባዶ ሲሆን ደግሞ የሚጠብቀው ክቡ ነው። ሕንዶች ይህን ባዶነት «ሹንያ» አሉት፤ ዐረቦች ባዶ ማለት በሆነው በራሳቸው ቃል «ሲፍር» ብለው ተረጐሙት፤ ሲፍር በኢጣልያ አፍ ሲለዋወጥ «ዜሮ» ሆነ። እኛም በዲቁና ባሕረ ሐሳብ ስንማር ወንበሩ ባዶ ሲሆን «አልቦ» እንል ነበር። ቃሉ ነበረን፤ በቍጥር መካከል የሚቆም ምልክት ግን አላበጀንለትም።

የዚያችን መጽሐፍ የሕንድ ምዕራፍ ስመረምር ሌላም አገኘሁ። «የሕንድ ብሔራዊ ቋንቋ ምንድን ነው?» ትልና «ሂንዲ» ብላ ትመልሳለች። በ1950 የጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥት ግን ሂንዲን የማዕከላዊው መንግሥት የሥራ ቋንቋ አደረገው እንጂ ብሔራዊ ቋንቋ አላለውም፤ ዛሬ በሕገ መንግሥቱ ተዘርዝረው የሚገኙት ቋንቋዎች 22 ናቸው። «ብሔራዊ ስፖርቷስ?» «ሆኪ»። ሕንዶች ከ1928 እስከ 1956 በተደረጉት የኦሎምፒክ ጨዋታዎች በሆኪ ስድስት ጊዜ በተከታታይ ወርቅ ማግኘታቸው እውነት ነው፤ ብሔራዊ ስፖርት ተብሎ ግን በመንግሥት አልታወጀም። አንድ ጥያቄ ግን በትክክል መልሳለች። የሰንጠረዥ ጨዋታ መነሻው ሕንድ ነው። በዚያ «ቻቱራንጋ» ይባል ነበር፤ ዝሆን፥ ሠረገላ፥ ፈረሰኛና እግረኛ አራቱ የሠራዊት ክፍሎች ማለት ነው። ፋርሶች «ቻትራንግ»፥ ዐረቦች «ሻትራንጅ» አሉት፤ የእኛም ቃል ከዚያው የተገኘ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በተማሪው ሁሉ ፊት ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ተናገርሁ። ካሸነፈው ቡድን አንድ ልጅ መዝገበ ቃላቱን ይዞ ወጣና «እንመልስላት?» አለኝ። «የእናንተን ያዙ» ብዬ ሌላ ከኪሴ ገዛሁ። (ዋጋውን ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም፤ ይህን ዐምድ ካነበበች ታውቀዋለች።) ልጅቱ መጽሐፉን ተቀብላ እጅ ነሣችና «መምህር፥ ለአያቴም ቢነግሩልኝ» አለችኝ።

በዕለተ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ሄድሁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ለብሰው ደጅ ተቀምጠዋል። «አባቴ፥ በልጆች ፊት ቃልዎን አቃለልሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ ይቀመጡ» አሉኝ። በወጣትነታቸው ሒሳብ ያስተማራቸው ከሕንድ ከኬራላ የመጣ መምህር ነበረ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ መምህራን በየአውራጃው ነበሩ፤ ብዙዎቹም በሐዋርያው ቶማስ ስብከት አመንን የሚሉ ክርስቲያኖች ናቸው። «በመጀመሪያው ቀን ገባና በሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ ሣለ። ዝም ብሎ አየን። ቀጥሎ ‹ከአገሬ ይዤላችሁ የመጣሁት ስጦታ ይህ ነው› አለ። እኛ ዳቦ መስሎን ነበር» ብለው ሳቁ። ያቺ ልጅ ቡና ስታቀርብልን እርሷም ትስቅ ነበር።

ያች ትንሽ መጽሐፍ በቤታችሁ ካለች የቍጥሩን መልስ በእስክርቢቶ አርሙልኝ።

ለሚቀጥለው ወር ጥያቄ፤ በ1548 ገደማ በአገራችን ተወልዶ፥ በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ሕንድ የደረሰ፥ በደካን ምድር የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆኖ የሞጎሎችን ሠራዊት ለብዙ ዓመታት የተቋቋመ፥ በ1610 ከተማ የቈረቈረ፥ በ1626 የሞተ ሰው ማን ነው? መልሱን ከልጆቻችሁ ጋር ፈልጉ፤ ከታተመ መጽሐፍ ብታገኙትም ሁለተኛ መጽሐፍ ተመልከቱ።