ሻምፒዮኑን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩንም እንይ

በፈረንጆቹ 2019፣ ፌብሯሪ ወር ላይ የ«ተከን 7» ተጫዋቾች ለ«ኢቮ ጃፓን» ውድድር ፉኩኦካ ከተማ ተሰብስበው ነበር። ኮሪያዎቹ አሉ፣ ጃፓኖቹ አሉ። መሃላቸው ከፓኪስታን፣ ላሆር የመጣ፣ ብዙው ዓለም የማያውቀው አንድ ወጣት አለ፤ አርስላን አሽ ይባላል። ጃፓን የደረሰው ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ሲንከራተት ነው። መንገድ ላይ የያዘውን የአገሩን ሩፒ የሚመነዝርለት አጥቶ እንደተቸገረም በኋላ ተናግሯል። ብር በኪሱ ይዞ የሰው አገር ኤርፖርት ውስጥ የቆመ ኢትዮጵያዊ ይሄ ስሜት አይብራራለትም።

ልጁ ደክሞት ገባ፣ አንደኛ ሆኖ ወጣ።

በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ላስ ቬጋስ ሄደ። የዋናው ኢቮ ፍጻሜ ላይ ደግሞ የኮሪያውን «ኒ» አሸነፈ። ኒ ማለት በተከን ዓለም ስሙ ሲጠራ ሌላው ዝም የሚልለት ተጫዋች ነው። አርስላን ከዚያ በኋላም በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ላስ ቬጋስ ላይ ደጋግሞ አሸንፏል።

እኔን ግን ከዋንጫው በላይ የገረመኝ ከመጀመሪያው ድል በኋላ የተናገረው ነገር ነው። በአጭሩ፣ አገሬ ውስጥ እንደኔ ያሉ፣ እንዲያውም የሚበልጡኝ አሉ አለ። ብዙ ሰው ትህትና መሰለው። በኋላ ኒ ራሱ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ልምምድ ፍለጋ ፓኪስታን ሄደ። ሌላው ፓኪስታናዊ አቲፍ ደግሞ የ2022ን የተከን ወርልድ ቱር ፍጻሜ በላ። በ2025 ኢቮ ፍጻሜ ላይ አርስላን የገጠመው ማንን ይመስላችኋል? አቲፍን። ሁለት ፓኪስታናውያን፣ አንድ ዋንጫ፣ አሜሪካ ውስጥ።

ስለዚህ ልጁ እውነቱን ነበር የተናገረው። ላሆር ውስጥ አንድ ተአምረኛ ልጅ አልተገኘም፤ ላሆር ውስጥ የተገኘው ሰፈር ነው።

ኢኮኖሚክስ ስማር ደጋግመው ያስተማሩን አንድ ነገር ነበር። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አንድ ቦታ ሲሰባሰቡ ዕውቀት ሳይከፈልበት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። መርካቶን ያየ ሰው ይገባዋል። ሸማኔው ሸማኔ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጩም ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አጠገብ የሚሆነው በከንቱ አይደለም። ፋይቲንግ ጌም ላይ ይሄ ሕግ እንዲያውም ይብሳል። ምክንያቱ ፍጥነት ነው። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል። ተከን ላይ ፈጣኗ ቡጢ 10 ምስል ትፈጃለች፤ ማለትም የሰከንድ አንድ ስድስተኛ። ኢንተርኔቱ ትንሽ ከተጎተተ ያቺን ቡጢ ማየት ቀርቶ መገመትም ይከብዳል። ደህና ኢንተርኔት የሌለው አገር ልጅ ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ ጎን ለጎን ተቀምጦ መጫወት። ድክመት የሚመስለው ነገር ላሆርን የጠቀመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጌም ቤት ውስጥ የተሸነፈ ይነሳል፤ ድጋሚ ለመቀመጥ ድጋሚ ይከፍላል። ሽንፈት ዋጋ ሲኖረው ሰው ቶሎ ይማራል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ሰፈራችን ውስጥ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት አንዲት ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ብዙ ጫጫታ። ኳስ ሲሰለቸን ተከን እንከፍታለን። ሕጉ «አሸናፊ ይቀመጣል፣ ተሸናፊ ይከፍላል» ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ለወራት ያልከፈለ አንድ ልጅ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ይቀመጣል፣ እስኪመሽ አይነሳም። እኔ አንዴም አሸንፌው አላውቅም። አንድ ቀን እናቴ እዚያ አገኘችኝና በጆሮዬ ጎትታ አወጣችኝ፤ ልጁ ዞር ብሎም አላየኝም፣ ቀጣዩን እየገጠመ ነበር።

ያ ልጅ ምን ያህል ጎበዝ ነበር? መልስ የለኝም፤ መልስ ያለውም ሰው የለም። የሰፈር ጎበዝ ሊሆን ይችላል፣ የዓለም ጎበዝም ሊሆን ይችላል። የሚለካው ስላልመጣ፣ እሱም ወደሚለካበት ስላልሄደ፣ ቤቷ ስትዘጋ አብሮ ተዘጋ። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ ነው፤ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ ግድ አልነበረኝም።

«ኢቮ እኮ ለሁሉም ክፍት ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ውበቱም እሱ ነው። ማጣሪያ የለም፤ የመመዝገቢያ ክፍያውን የከፈለ ሁሉ ይገባል፤ ሁለት ጊዜ እስኪሸነፍም አይወጣም። በሩ ክፍት ነው፣ ግን በሩ ላይ ለመድረስ ፓስፖርትህ መጀመሪያ መወዳደር አለበት። የፓኪስታን ተጫዋቾች ቪዛ አጥተው ውድድር አምልጧቸው ያውቃል። ስለዚህ የሻምፒዮኖችን ዝርዝር ስናነብ የምናነበው የጎበዞችን ዝርዝር ብቻ አይደለም። ጎበዝ ሆነው መድረስ የቻሉትን ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱብኝ። ትምህርታችሁን ጣሉና ጆይስቲክ ያዙ እያልኩ አይደለም። ሸርዊን ሮዘን የሚባል ኢኮኖሚስት በ1981 ስለ «ሱፐርስታሮች» ገበያ የጻፈው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ በችሎታ ትንሽ የሚበልጠው ሰው ገቢው ከሌላው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ2024 የካፕኮም ካፕን የበላው የታይዋኑ ኡማ አንድ ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። በየአገሩ ማጣሪያ የወደቀው ግን ትራንስፖርቱን ከኪሱ ከፍሎ ወደ ቤቱ ገብቷል። በዚህ ገበያ ሕይወቱን ሙሉ በሙሉ ለውርርድ የሚያስይዝን ልጅ አይዞህ ልለው አልችልም፤ ታናሽ ወንድሜ ቢሆን እንደ እናቴ ጆሮውን ይዤ አወጣዋለሁ።

ታዲያ ምን ይሁን? እኔ የምለው ቀላል ነው። አንድን ልጅ ሎተሪ አናስቆርጠው፤ መለኪያውን ግን እንሥራ። ጌም ቤት ሲባል የሥራ ፈት መዋያ ብቻ የሚታየው የወረዳ ሹም፣ ደንብ አውጥቶ ዕድሜና ሰዓት መወሰን ይችላል፤ ሁሉንም መዝጋት ግን ቀላሉ መንገድ እንጂ ትክክለኛው አይደለም። ባለ ጌም ቤቶች በወር አንዴ የሰፈርን አሸናፊ ከሰፈር አሸናፊ ቢያገናኙ ብዙ ወጪ የለውም። ስልክ ያላችሁ ደግሞ፣ ማለትም ይሄን የምታነቡት ሁላችሁ፣ ጨዋታውን ቅረጹና ልቀቁት። ቪዛ ሲጠየቅ «ማነህ?» ሲባል፣ የሚታይ ማስረጃ ያለው ልጅ ምንም ከሌለው ይሻላል።

ያሸነፈም ሰው ወደ ሰፈሩ ቢያይ መልካም ነው። የዶሚኒካን ሪፐብሊኩ ሜናአርዲ በ2017 የካፕኮም ካፕን ካሸነፈ በኋላ «ባንዲትስ» የሚል ቡድን አቋቁሞ የአገሩን ልጆች ይዞ ተነሳ። በ2023 ያንኑ ዋንጫ ደገመው። አጠገቡ የሚፈትነው ሰው ማፍራቱ ራሱን አልጎዳውም።

ቀጣዩን የኢቮ ፍጻሜ በስልካችሁ ስታዩ፣ ዋንጫውን ያነሳውን ሰው አጨብጭቡለት፣ ይገባዋል። ከዚያ ግን «ይሄን ሰው ስንት ሰው አሸንፎት ነው እዚህ የደረሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ እንደዚያ ስጠይቅ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ፣ ጆሮዬ ሲጎተት ዞር ብሎ ያላየኝ ያ ልጅ ነው።