«ተሠርቶለታል» ከተባለ በኋላ

በሽንት ቧንቧው ወይም በብልቱ ላይ እክል ይዞ የተወለደ ልጅ ያላቸው ወላጆች ስለ ጉዳዩ ሲጠየቁ መልሳቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ተሠርቶለታል»። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም። አክስትም ጎረቤትም «ተመስገን» ብሎ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። እያደር ወላጅም ራሱ ያምነዋል። የቀዶ ሕክምናው ቀን እንደ መጨረሻ ቀን ይቆጠርና የሆስፒታሉ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

ለዚህ ወር ዓምዳችን መነሻ የሆነን አንዲት እናት የላኩልን ደብዳቤ ነው። ልጃቸው ገና ዓመት ሳይሞላው በሽንት ቧንቧው ውስጥ ሽንቱን የሚያግድ ስስ ሽፋን ተቆርጦለታል። ዛሬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን አልፎ የዩኒቨርሲቲ ምደባ እየጠበቀ ነው። አልፎ አልፎ ሌሊት ሽንት ያመልጠዋል፤ አንሶላውን ራሱ አጥቦ ያሰጣል፤ ከምሳ በኋላ ውኃ አይጠጣም። የእናትየው ጭንቀት ዶርም ውስጥ ከሌሎች ልጆች ጋር እንዴት ያድራል የሚል ነው። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ ልጁ በሕፃንነቱ ስለተደረገለት ቀዶ ሕክምና ምንም እንደማያውቅ ጽፈዋል።

ከሁሉም ያሳሰበን ይኸው እንደ ዋዛ የተጻፈው ነው።

ሕመሙን ሐኪሞች የኋለኛ የሽንት ቧንቧ ቫልቭ ይሉታል። ከ5,000 እስከ 8,000 ከሚሆኑ ወንድ ልጆች አንዱ ይዞት እንደሚወለድ ይገመታል። ከሽንት ፊኛው በታች፣ ሽንት ወደ ውጭ በሚወጣበት ቧንቧ ውስጥ፣ ልጁ ገና በማህፀን ሳለ የሚፈጠር ስስ ሽፋን መንገዱን ይዘጋዋል። ጽንስ ማህፀን ውስጥም ይሸናል። ስለዚህ ይህ ፊኛ ከመወለዱ በፊት ለወራት የተዘጋ በር ሲገፋ ከርሟል። ብዙ የሚገፋ ጡንቻ ይወፍራል፣ ይደነድናል። መውጫ ያጣው ሽንት ደግሞ ወደ ላይ ተመልሶ ገና በመሠራት ላይ ያሉትን ኩላሊቶች ይጫናቸዋል።

ቀዶ ሐኪሙ ሽፋኑን ሲቆርጥ የከፈተው በሩን ነው። የደነደነውን ፊኛ ማለስለስ፣ ማህፀን ውስጥ የተጎዳውን ኩላሊትም መመለስ አይችልም። የተጎዳ ኩላሊት ሽንትን ማወፈር ስለሚያቅተው ቀጭን፣ ውኃ የመሰለ ሽንት በብዛት ያመርታል። ያ ሁሉ ሽንት የሚወርደው እንደልቡ መለጠጥ ወደማይችል ፊኛ ነው። ቀን ልጁ እየተመላለሰ ያስተነፍሰዋል። ሌሊት ግን ተኝቶ ሳለ ይሞላና ይፈስሳል። የዚህን ልጅ ሌሊት ማምለጥ «እንቅልፉ ከባድ ነው» ብሎ ማለፍ የማይገባው ለዚህ ነው። የሞላው ፊኛ አሁንም ኩላሊቱን እየተጫነው ስለመሆኑ ምልክት ሊሆን ይችላል። ውኃ መተውም አያድነውም። እንዲህ ያለው ኩላሊት ውኃ ባይገባለትም ውኃ ማውጣቱን አያቆምም፤ ሰውነት ይደርቃል፣ ጉዳቱም በኩላሊቱ ላይ ይብሳል።

ይህ ሁሉ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቆይና ጉርምስና ላይ ብቅ ይላል። ልጁ በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ይመዘዛል፣ ትከሻው ይሰፋል፤ ኩላሊቶቹ ግን ያው የሕፃንነቶቹ ናቸው። ለትንሽ ሰውነት የበቃ ኩላሊት ለትልቅ ሰውነት ላይበቃ ይችላል። ጥናቶች የሚሰጡት ቁጥር ቢለያይም፣ በዚህ ሕመም ከተወለዱት ከአምስቱ አንዱ ገደማ እያደር ኩላሊቱ ሥራውን እስከማቆም ሊደርስ ይችላል። የኩላሊት እጥበት አንድን ቤተሰብ ምን እንደሚያስከፍል በየመንገዱ ከምናየው የእርዳታ ጥሪ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ለእነዚህ ልጆች ንቅለ ተከላም ቢሆን ፊኛው አስቀድሞ ካልተስተካከለ አዲሱን ኩላሊት ያንኑ ጉዳት ያደርስበታል።

ይህን የምንጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። ቀድሞ ከታወቀ ብዙ የሚደረግ ነገር አለ፤ ምርመራዎቹም ከባድ አይደሉም። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ የደም ግፊት መለካት፣ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን ማየት፣ ክሬቲኒን የሚባለውን የደም ምርመራ ማድረግ፣ ከዚያም አልትራሳውንድ ማንሣት ነው። አልትራሳውንዱ ከመሽናቱ በፊትም ከሸና በኋላም ይነሣለት። ዋናው ነገር ሸንቶ ሲጨርስ ፊኛው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ማወቅ ነው፤ «ሽንት ይዘህ ና» ብቻ ተብሎ ሙሉ ፊኛ ታይቶ የሚመለስ ልጅ ግማሽ ምርመራ ነው የተደረገለት። የሚቀር ሽንት ካለ ሐኪሙ ሸንቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ እንዲሸና፣ ሰዓት እየጠበቀ እንዲሸና፣ ሲያስፈልግም ከመተኛቱ በፊት በቀጭን ቱቦ ፊኛውን እንዲያራግፍ ሊያስተምረው ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ይጀመር፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ በቃል ተገዝተው አይወሰዱ። ራስ ምታትን ያስታግሳሉ፤ የደከመ ኩላሊትን ግን ይጎዳሉ። ስለ ሕመም ማስታገሻ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ወደ ዶርሙ እንመለስ። እናቴ፣ ልጅዎ ከመሄዱ በፊት የትልቅ ሰው የሽንት ቧንቧ ሐኪም ጋ ወይም የኩላሊት ሐኪም ጋ አንድ ጊዜ ይታይና ስለ ሁኔታው አጭር ደብዳቤ ይጻፍለት። ምደባው ገና ካልወጣ፣ በጤና ምክንያት የሚቀርቡ ጉዳዮች እንዴት እንደሚታዩ የዘንድሮውን መመሪያ ይጠይቁ፤ ክትትሉን የሚያደርግበት ሆስፒታል ያለበት ከተማ ቢደርሰው የብዙ ዓመት እፎይታ ነው። ካልሆነም ደብዳቤውን ለግቢው ክሊኒክና ለተማሪዎች አገልግሎት አሳይቶ የታችኛውን አልጋ፣ ለመጸዳጃ የሚቀርበውን ክፍል መጠየቅ ይችላል። ውኃ የማያስገባ የፍራሽ ልብስ ከአንሶላው ሥር ማንም አያየውም። ሌሊት አንድ ጊዜ የሚያነቃው የስልኩ ንዝረትም ለማንም አይሰማም።

ይህን ሁሉ ማድረግ የሚችለው ግን የሚያውቅ ልጅ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ስለ ሰውነቱ ያልተነገረው ልጅ ለየትኛው ሐኪም ምን ብሎ ይናገራል? ብዙ ወላጆች ዝም የሚሉት ልጁን ለመጠበቅ ብለው ነው። ልጁ ግን ዝምታውን በራሱ ይተረጉመዋል። አንድ ነገር እንዳለበት ሰውነቱ ይነግረዋል፤ ቤቱ ዝም ሲል ነገሩ የማይነገር፣ የሚያሳፍር ነገር ነው ብሎ ይደመድማል። ከሽንትና ከብልት ጋር የተያያዘ ነገር ሲሆን ደግሞ የእኛ ቤት ሀፍረት እጥፍ ነው።

ለመንገር ትልቅ ሥነ ሥርዓት አያስፈልግም፤ ሰው የበዛበት የምሳ ጠረጴዛ አይሁን እንጂ። መኪና ውስጥ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ የሚደረግ ጨዋታ ለጎረምሳ ይቀለዋል። «ስትወለድ ሽንትህ የሚወጣበት መንገድ ላይ የሚያግድ ነገር ነበር። ሐኪሞች ከፈቱልህ። ያኔ ፊኛህና ኩላሊትህ ደክመው ስለነበር አሁንም መታየት አለባቸው። ያንተ ጥፋት አይደለም፤ የማንም አይደለም።» ይህን ያህል ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። ቀጥሎ የሚመጡትን ጥያቄዎች ላይጠይቅዎት ይችላል፤ የሚጠይቀው ሐኪም ያስፈልገዋል። ከሐኪሙ ጋር ብቻውን የሚሆንበት አሥር ደቂቃ ይስጡት፤ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ። ልጃቸው ትንሽ የሆነ አንባቢዎቻችን ደግሞ ከአሁኑ ጀምሩ። በአራትና በአምስት ዓመቱ የሰማው ልጅ በአሥራ አምስት ዓመቱ «ነገሩኝ» የሚለው አስደንጋጭ ቀን የለበትም።

ይህ ክፍተት የእኛ ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ ፕሮፌሰር ክሪስቶፈር ዉድሃውስ የተባሉ ሐኪም የጎረምሶችና የወጣቶች ዩሮሎጂ ራሱን የቻለ ዘርፍ እንዲሆን ብዙ ሠርተዋል። በሕፃንነታቸው የተሠሩ ልጆች አድገው ከሕፃናት ሐኪም እጅ ሲወጡ ታሪካቸውን የሚያውቅ የትልቅ ሰው ሐኪም አያገኙም ነበር። በእንዲህ ያሉ ክሊኒኮች ወጣቶቹ ከኩላሊት ይልቅ ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ መውለድ ይጠይቃሉ። በአገራችንም እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ሆስፒታሎች የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች አሉ፤ የትልቅ ሰው ዩሮሎጂስቶችም አሉ። ልጁን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወላጁ ነው። መሻገሪያው ደግሞ ወረቀት ነው። የቀዶ ሕክምናው ስምና ቀን፣ የመጨረሻው የክሬቲኒን ውጤት፣ የመጨረሻው አልትራሳውንድ በስልክ ፎቶ ተነሥተው ለልጁ በቴሌግራም ይላኩለት። መሳቢያ ይጠፋል፤ ቤት ይቀየራል።

ሌሎቹም እክሎች የየራሳቸው ረጅም መንገድ አላቸው። የዘር ፍሬው ወደ ከረጢቱ ያልወረደለት ልጅ ስድስት ወር እስኪሆነው ይጠበቃል፤ በራሱ ካልወረደ ከዚያ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ቢሠራለት ይመረጣል። ከተሠራለትም በኋላ በዘር ፍሬ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከሌሎች ወንዶች ትንሽ ከፍ ስለሚል፣ ሲጎረምስ በየወሩ ገላውን ሲታጠብ ራሱን እንዲዳስስ፣ ጠጣር ነገር ካገኘ ሳይውል ሳያድር እንዲታይ ይነገረው። ሴት ልጅ ጡቷ አድጎ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት የወር አበባ ካላየች «ዘግይታ ነው» ብሎ መጠበቁ ይብቃ። ከ5,000 ሴቶች አንዷ ገደማ ማህፀኗ ሳያድግ ትወለዳለች፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የኩላሊት እክልም ስላላቸው አልትራሳውንዱ ኩላሊቷንም ይይ። የብልት ሕክምናው ግን አያስቸኩልም። የሚጀመርበትን ጊዜ ራሷ ስትደርስ ትወስን፤ የሰርግ ቀን የሚቆርጥላት ነገር አይደለም።

ስፓይና ቢፊዳ፣ ማለትም የጀርባ አጥንት ክፍተት ይዘው የሚወለዱ ልጆች ብዙዎቹ ፊኛቸው ከአእምሮ ትእዛዝ አይደርሰውም። እ.ኤ.አ. በ1972 ጃክ ላፒደስ የተባሉ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም በየጥቂት ሰዓቱ ፊኛን በቱቦ ለማራገፍ እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከጀርም የጸዳ ነገር ሳይሆን የታጠበ እጅና ንጹሕ ቱቦ እንደሚበቃ አሳዩ። የብዙ ልጆች ኩላሊት የተረፈው በዚህ ነው፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ገብተው ራሳቸው ይማሩታል። ለእነዚህ ልጆች ላቴክስ ብዙ ጊዜ አለርጂ ይሆንባቸዋል። የሐኪም ጓንት ብቻ አይደለም፤ የልደት ፊኛም እንዲሁ። (አማርኛችን ለሁለቱም «ፊኛ» ማለቱ ለጥንቃቄው አልረዳንም።) ፊኛቸው በአንጀት ቁራጭ የተሰፋላቸው ደግሞ ትልቅ ሰው ሆነውም በየዓመቱ ይታያሉ። ድንገት ሆዳቸውን ቢያማቸው ድንገተኛ ክፍል ገና ሲገቡ ይህን መናገር አለባቸው፤ የተሰፋ ፊኛ ሊቀደድ ይችላል።

በብዛት ከሚታዩት አንዱና ከሁሉ ቀላል በሆነ ነገር የሚበላሸው ግን የሽንት ቀዳዳው በብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከሥር በኩል የሚከፈትበት እክል ነው። ከ200 እስከ 300 ከሚሆኑ ወንዶች በአንዱ ይታያል። የሚጠገነው ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ሐኪሙ አዲሱን ቧንቧ ሲሠራ የልጁን የራሱን ሸለፈት ይጠቀምበታል። እኛ ደግሞ ወንድ ልጅን በስምንተኛው ቀን የምንገርዝ ሕዝብ ነን። ሸለፈቱ ከተጣለ በኋላ መጠገን ባይቀርም ይከብዳል፤ አንዳንዴ ከአፍ ውስጥ ቆዳ መውሰድ ያስፈልጋል። ከተጠገነም በኋላ መታየቱ አይቀርም። ጥገናው ሊያፈስስ፣ ቧንቧው ሊጠብ፣ ብልቱ በጉርምስና ሊጎብጥ ይችላል፤ ያ ሁሉ ደግሞ መፍትሔ አለው፤ ወጣቱ ደፍሮ ከተናገረ። አብዛኞቹም ያገባሉ፣ ይወልዳሉ።

ስለዚህ ገራዥ ከመጠራቱ በፊት ዳይፐሩ ይከፈትና ሕፃኑ ሲሸና ይታይ። ሽንቱ ከጫፉ ካልመጣ፣ ወይም ሸለፈቱ ከላይ ብቻ እንደ ቆብ ተከምሮ ከሥር ከጎደለ፣ ግርዛቱ ይቆይና ለሕፃናት ቀዶ ሐኪም ይታይ። አያት «ስምንተኛው ቀን አለፈ እኮ» ብለው ከተጨነቁ የምትሉት አለ፤ ልጁ ከቀዶ ሕክምናው ሲወጣ፣ ሸለፈቱ ለጥገናው ስለሚውል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመስለው የተገረዘ ልጅ ነው።