ሲክስ ፍላግስ ተዋሃደ፣ የቦዊው ተዘጋ

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ቤተሰቦች፣ ቦዊ ሜሪላንድ የነበረውን ሲክስ ፍላግስ መቼም ታውቁታላችሁ። ጁላይ 2024 ላይ ኩባንያው ከተፎካካሪው ሲዳር ፌር ጋር ተዋሃደና 42 ፓርኮች ባንድ ባለቤት ሥር ገቡ። «ባንድ ፓስ ብዙ ፓርክ» ሲባል እኛም ደስ ብሎን ነበር፤ ጥቅም አለው፣ አንክድም።

ግን ቨርጂኒያ ያለው ኪንግስ ዶሚኒየን የሲዳር ፌር ነበር። ድሮ አንዱ ዋጋ ቢሰቅል ወደ ሌላው መሄድ ነው። አሁን የትም ብትሄዱ ብሩ የሚገባው አንድ ኪስ ነው። ዕዳ ያለበት ኩባንያ ታዲያ ሁለቱንም ለምን ይቀልባል? የቦዊው ኖቬምበር 2፣ 2025 ተዘጋ፤ ቦታውም ለሽያጭ ቀረበ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ቦዊ ቅርብ ነበር። ኪንግስ ዶሚኒየን ግን ትራፊክ ካለ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ነዳጁ፣ ምሳው፣ ከኋላ የሚነጫነጩት ልጆች ሳይቆጠሩ። ፓስ ከመግዛታችሁ በፊት የትኞቹ ፓርኮች ክፍት እንደሆኑ እዩ።