አሮጌ ሌንስና አዲስ ገበያ

ዕቃ የሚረክሰው ስላረጀ ብቻ አይደለም፤ የሚገጥምበት ሲጠፋም ነው። የጃፓኑ ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 የሌንስ መግጠሚያውን ሲለውጥ «ኤፍዲ» የተባሉት ሌንሶቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። ለፊልሙ በ42 ሚሊ ሜትር ርቀት የተሠራውን ሌንስ አዲሱ ካሜራ 44 ላይ ስለሚያስቀምጠው የሩቁ ምስል ይደበዝዛል።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የመጡት፣ ውስጣቸው መስተዋት የሌላቸው ዲጂታል ካሜራዎች ግን ርቀቱን አሳጠሩት። የሶኒው 18 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱን የሚሞላ ተራ የብረት ቀለበት አሮጌውን ሌንስ ወደ ሥራ መለሰው፤ ፈላጊም አገኘ።

ይሁንና ነጋዴው ስም አይቶ ብቻ ገንዘቡን ማውጣት የለበትም። ሻጋታ የያዘውን ሌንስ ቀለበት አያድነውም። ምስሉን የሚያጠራው በእጅ በመሆኑም ለችኩል ሥራ አይመችም። ከመግዛት በፊት ሌንሱን በብርሃን መመርመር፣ ዋጋውንም ከአዲሱ ጋር ማነጻጸር ይበጃል።