ስለሚሸሽ የቶርኖ ደጋፊ

ባለፈው ክረምት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ ለጠረጴዛ እግር የሚሆን የዋንዛ እንጨት በትንሹ ቶርኖ ላይ አስሬ በማዞር ላይ ሳለሁ፥ እንጨቱ ድንገት ከተያዘበት ተስፈንጥሮ ከግድግዳው ጋራ ተጋጨ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሥራውን ለማየት ከኋላዬ ቆሞ ነበርና እንጨቱ ከጆሮው አጠገብ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ አለፈ። እርሱ ጨዋታ መስሎት ሣቀ፤ እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝና በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ። ምክንያቱ ተለይቶ እስኪታወቅ ድረስም መኪናው በማንም እጅ እንዳይነካ አዘዝሁ። እንዲህ ያለውን መኪና በቤታቸው የሚያኖሩ፥ ወይም ልጆቻቸውን የእጅ ሥራ ለማስለመድ ሊገዙ ያሰቡ አንባቢዎች ይጠቀሙበት ዘንድ የደረስሁበትን ነገር እጽፋለሁ።

እንጨት ማዞር ለባለማዕርግ የማይገባ ሥራ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ታላቁ ጴጥሮስ (በአውሮፓ አቈጣጠር 1672–1725) በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የቶርኖ ክፍል እንደ ነበረው፥ በገዛ እጁም እንጨትና የዝሆን ጥርስ ያዞር እንደ ነበር ያስታውስ። አንድሬይ ናርቶፍ የሚባለው የመኪና ዐዋቂ የዚያ ክፍል አለቃ ነበረ።

ቶርኖ ማለት እንጨቱ እየዞረ መሮው በእጅ ተይዞ የሚቈርጥበት መኪና ነው። በግራ በኩል እንጨቱን የሚያዞረው ራስ አለ፤ ይህ ከቦታው አይነቃነቅም። በቀኝ በኩል የእንጨቱን ሌላ ጫፍ በሾጣጣ ብረት ወግቶ የሚይዘው ደጋፊ አለ፤ ይህ ደግሞ እንደ እንጨቱ ርዝመት በሁለት ትይዩ የብረት ሐዲዶች ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ከደጋፊው ሥር አንድ ብሎን በሐዲዶቹ መካከል ወደ ታች ያልፋል፤ በብሎኑም ጫፍ አንድ ወፍራም የብረት ሰሌዳ በዳዶ ተይዞ ይንጠለጠላል። እጀታው ሲታጠፍ ብሎኑ ወደ ላይ ይሳባል፥ ሰሌዳውም ከሐዲዶቹ ሆድ ጋራ ይጣበቃል። እንግዲህ ደጋፊውን በስፍራው የሚያቆመው ካስማ ወይም ጥርስ የለም፤ ብረት ብረትን ቆንጥጦ መያዙ ብቻ ነው።

በአንጻሩ ደጋፊውን ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ቀላል አይደለም። ሾጣጣውን የምታስጠጋው የእጅ መንኰራኵር አንድ ጊዜ ስትዞር ሾጣጣው የሚሄደው ጥቂት ሚሊሜትር ነውና፥ የልጅ ክንድ እንኳ ብዙ ኪሎ የሚመዝን ግፊት ያወጣል። እኔም እንጨቱ የበለጠ ይያዝልኝ ብዬ መንኰራኵሯን አብዝቼ ባጠበቅሁ መጠን ደጋፊውን በገዛ እጄ ወደ ኋላ እገፋው ኖሯል።

በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ሁሉ ስሕተት ነበረ። እጀታውን በመዶሻ መታሁ። ቀጥሎም ጉልበት እንዲጨምርልኝ በእጀታው ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክቼ ተጫንሁት፤ የቀለጠ ብረት ፈስሶበት የተሠራ ዕቃ በእንዲህ ያለ ጉልበት እንደሚሰነጠቅ አላሰብሁም። መኪናውን የሸጠልኝ ነጋዴም ስጠይቀው ሌላ ደጋፊ ግዛ አለኝ። በኋላ አንድ ሽማግሌ የብረት ሠራተኛ ወደ ቤት ጠርቼ ባሳየው፥ ጥቂት ዝም ብሎ አየና፦

— ልጄ፥ እጀታው ምን በደለህ? ጎንበስ በልና ከሥሩ እይ፤ አለኝ።

— አባባ፥ ከሥሩ ምን አለ? ብለው፥ ጣቱን በሐዲዱ ሆድ ላይ አሻሽቶ አሳየኝ። ጣቱ በግራሶ ጠቁሮ ነበር። የክረምቱ እርጥበት እንዳያዝገው ብዬ ላዩንም ታቹንም የቀባሁት እኔው ነበርሁ።

ሽማግሌው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሸሸው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ መለየት ይገባል አለ። ከደጋፊው ጀርባ በሐዲዱ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር ይሠመራል። መንኰራኵሯ ስትጠብቅ ደጋፊው መስመሩን አልፎ ከሄደ ጥፋቱ ከሥር ካለው መቆንጠጫ ነው። ደጋፊው ቆሞ ሾጣጣውን የተሸከመው ዘንግ ወደ ውስጥ ከገባ፥ የዘንጉ ማጥበቂያ ላልቷል። ሾጣጣው በጎሬው ውስጥ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ጎሬው ቈሽሿል ማለት ነው። ይህ ጎሬ ሞርስ በሚባለው ልክ የተሠራ ሲሆን፥ በየ20 ሚሊሜትሩ 1 ሚሊሜትር ያህል እየቀጠነ የሚሄድ ስለ ሆነ፥ ንጹሕ ሲሆን ያለ ብሎን አጥብቆ ይይዛል፤ ጥቂት ዘይት ወይም የእንጨት ብናኝ ሲገባበት ግን ይለቃል። በደረቅ ጨርቅ መወልወል ብቻ ይበቃዋል።

የእኔ ጥፋት ከመቆንጠጫው ነበረ። ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ነቅለን፥ በሐዲዱ ጫፍ ያለውን ማገጃ ብሎን ፈትተን ደጋፊውን አወጣነው። ግራሶውን በላምባ አጠብሁና ጨረስሁ ስል ሽማግሌው ላምባም ራሱ ቅባት ይተዋል ብሎ እንደ ገና በአልኮል አስወለወለኝ። ሁለቱም እሳት የሚስቡ ናቸውና ይህ ሥራ ከምድጃና ከሲጋራ ርቆ በነፋሻ ስፍራ ይሠራ።

ግራሶው ከለቀቀ በኋላ ሌላ ጉድ ታየ። በሐዲዶቹ ሆድ ላይ ከፋብሪካ የመጣ ቀለም ነበረበት፤ ሰሌዳውም ወጣ ገባ ነበር። ሽማግሌው ከማድቤት ጥላሸት አስመጥቶ ሰሌዳውን ቀባውና መልሶ አጠበቀው፤ ሲፈታው ጥላሸቱ በሐዲዱ ላይ የታተመው በአንዲት ማዕዘን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ግፊት የተሸከመው አንድ ጥፍር በምታህል ስፍራ ነበር ማለት ነው! እኔ በዕድሜዬ ካየኋቸው ምርመራዎች ሁሉ እንደዚህ ርካሽና እውነተኛ አላየሁም።

ቀለሙን በአሮጌ መሮ ፋቅን። 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በወፍራም የመስተዋት ገበታ ላይ ዘርግተን፥ ሰሌዳው ፊቱ ሁሉ እኩል እስኪያበራ ድረስ አሸነው። ከፍ ያለውን ጠርዝ በሞረድ ዝቅ አደረግን፤ ጥላሸቱንም ሦስት ጊዜ መላልሰን ሞከርን። በሦስተኛው ጊዜ በሁለቱም ሐዲዶች ላይ እኩል ታተመ። ጥላሸቱ ተጠርጎ ከጠፋ በኋላ የታሸው ፊት አይለሰልስም፤ ጥቂት ሻካራ ሆኖ መቅረቱ ለመያዝ ይረዳል።

የቀረው የዳዶው ነገር ነው። እጀታው እስከ መጨረሻው ታጥፎ ገና የማይጠብቅ ከሆነ ዳዶው ላልቷል፤ በሩብ ዙር እያጠበቁ መሞከር ይገባል። እጀታው በጉዞው እኩሌታ ላይ መጠንከር ሲጀምር ልኩ ይህ ነው። ከዚህ ከበለጠ ደጋፊው ሲፈታም አይንሸራተትም። ዳዶው በመንቀጥቀጥ ብዛት ተመልሶ እንዳይላላ ሁለተኛ ዳዶ ከሥሩ አጥብቆ መግጠም፥ የጎበጠውን ሮንዴላም መለወጥ ይሻላል። ዝገትን ለመከላከል የሐዲዱን ላይ ብቻ በስሱ ሰም ቀብቶ ደኅና አድርጎ መወልወል ይበቃል፤ ሆዱ ግን አይቀባም።

ከዚያ በኋላ እንጨቱን አስረን፥ መንኰራኵሯን በሁለት ጣት ኃይል ብቻ አጥብቀን፥ ከእንጨቱ መሥመር ፈቀቅ ብለን በዝግታ አስነሣነው። የእርሳሱ መስመር ከቦታው አልራቀም። ልጄ አሁን ሥራውን የሚያየው ፊቱን በመከለያ ሸፍኖ፥ በወለሉ ላይ በጠመኔ ከተሠመረለት ወሰን ውጭ ቆሞ ነው። እግሩም ተሠርቶ ከሦስቱ ጋራ ተገጠመ፤ ከግድግዳው የተላጠው ልስን ግን እስከ ዛሬ አልተደፈነም፥ ልጁ እንዳይደፈን ለምኗልና።