«ከነጎማው የተሟላ»

በዚህ ሳምንት በአሶሳ ዙሪያ ባሉ የገበሬ ማኅበራት እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ የትራክተር ግዥ ዝርዝር መግለጫ የሞተሩን የፈረስ ጉልበት፣ የሲሊንደሩን ብዛት፣ የወንበሩን ዓይነትና የመብራቱን ቁጥር፣ የቀለሙን መልክ እንኳ ሳይቀር በጥንቃቄ ከዘረዘረ በኋላ፣ ማሽኑን ከመሬት ጋር ስለሚያገናኘው አካል የጻፈው «ከነጎማው የተሟላ» የሚል ሐረግ ብቻ ነው። የዚህ ዓምድ የቆዩ አንባቢዎች ከዚህ በኋላ የትኛው ክርክር እንደሚነሣ ሳይገምቱ አይቀሩም፤ ትራክተር የሚቆጠረው በርክክብ ቀን በተሰለፈው ብዛት ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ ማሳ ላይ በሠራው ሰዓት ነው የሚለው አቋም እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ይህ ሰነድም አቋሙን ይበልጥ የሚያጠናክር እንጂ የሚያላላ አልሆነም።

የትራክተር ጉዳይ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የምቾት ጉዳይ አይደለም። በክልሉ ቆላማ ወረዳዎች፣ በተለይም በዓባይ፣ በዴዴሳና በበለስ ሸለቆዎች፣ በቆላ ዝንብ የሚተላለፈውና ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ የእርሻ በሬ እንዳይበዛ አድርጎ ስለኖረ፣ የጉሙዝም ሆነ የበርታ ገበሬ ማሳውን በአብዛኛው በእጁ ቆፍሮ ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ በዚህም ምክንያት ትራክተሩ ሲቆምበት በሬ ጠምዶ ክረምቱን የሚወጣበት ሁለተኛ መንገድ የሌለው ሰው ብዙ ነው። ዝናቡም ከሚያዝያ መጨረሻ አንሥቶ እስከ ጥቅምት የሚዘልቅ አንድ ወቅት ብቻ በመሆኑ፣ በወቅቱ ሳይታረስ ያለፈ ማሽላ፣ በቆሎ ወይም አኩሪ አተር የሚዘራበት መሬት እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ጦሙን ያድራል።

የጎማ ምርጫ የሚጀምረው ከጥርሱ ነው። «አር-1» የሚል ምልክት የታተመበት ጎማ ለደረቅና ለመካከለኛ እርጥበት ማሳ የተሠራ የተለመደ የእርሻ ጎማ ሲሆን፣ «አር-1ደብሊው» የሚባለው ደግሞ ጥርሱ ቢያንስ በአምስተኛ እጅ ያህል ጠልቆ እርጥብና የሚጣበቅ አፈርን ለመቋቋም የታሰበ ነው፤ «አር-2» የአር-1ን እጥፍ ያህል የጠለቀ ጥርስ ይዞ ውሃ ለሚተኛበት የሩዝና የሸንኮራ ማሳ ሲያገለግል፣ «አር-4» ግን ለግንባታ ማሽኖች የተሠራ፣ ጥርሱ አጭርና ሰፊ የሆነ፣ ማረሻ ለመሳብ ብዙም የማይመች ዓይነት ነው። በአሶሳና በባምባሲ በኩል በብዛት የሚታየው ቀይ አፈር ውሃን ቶሎ ስለሚያሰርግ አር-1 ይበቃዋል፤ በፓዊ በኩል ያለው ዋልካ፣ ማለትም ሲርስ የሚያብጥና የሚያጣብቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር የሸክላ አፈር፣ ግን የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ስለሚደፍነው ጠለቅ ያለውን ዓይነት ይጠይቃል። ለሁለቱም አፈር በአንድ ሐረግ የሚገዛ ጎማ ከሁለቱ በአንዱ ላይ መንሸራተቱ አይቀርም፤ የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ ናፍጣ እየበላ መሬት ከመጠቅጠቅ ሌላ ሥራ የለውም።

ከጥርሱ ቀጥሎ የሚመጣው የጎማው ውስጣዊ አሠራር ነው። በአሮጌው አሠራር የጎማው ክሮች እርስ በርስ በሰያፍ እየተቋረጡ ስለሚደራረቡ የጎማው ጎን ወፍራምና ደንዳና ይሆናል፤ ራዲያል በሚባለው አሠራር ግን ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው ስለሚዘረጉ ጎኑ ይለሰልሳል፣ መሬት የሚነካው ገጽ ይሰፋል፣ መንሸራተቱ ይቀንሳል፣ አፈሩም ያን ያህል አይጠቀጠቅም። በሻጮች አንደበት ራዲያል ዘመናዊ፣ ሰያፉ ደግሞ ያለፈበት ተደርጎ ስለሚቀርብ ብዙ ማኅበራት አቅማቸው ከፈቀደ ራዲያሉን ይመርጣሉ፤ ለቆየና ለጸዳ ማሳም ምርጫቸው ትክክል ነው። በአዲስ የተመነጠረ መሬት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በክልሉ በሰፊው የሚበቅለው ሽመል፣ ማለትም እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ያልሆነውና ድፍን የሆነው የቆላ ቀርከሃ፣ በገጀራ በሰያፍ ሲቆረጥ በመሬት ላይ የሚተወው ጉቶ እንደ ጦር የሾለና የደረቀ ነው፤ ይህ ጉቶ የሚወጋው ደግሞ በአብዛኛው ጥርስ የሚከላከለውን የጎማ ገጽ ሳይሆን ጎኑን ነው። የራዲያል ጎን አንዴ ከተቀደደ በአካባቢው ጎሚስታ እጅ ተመልሶ ለእርሻ መዋሉ አጠራጣሪ ሲሆን፣ ካላማዳሪ ያለው ወፍራም ባለ ሰያፍ ክር ጎማ ግን ከውስጥ ተለጥፎና ካላማዳሪው ተተክቶ ወቅቱን ሊጨርስ ይችላል። ስለዚህ በምንጠራ መሬት ላይ ለሚያርስ ሰው ርካሹና አሮጌው ጎማ የተሻለው ነው፤ አቅም ያለው ደግሞ ከጥርሱ ሥር የብረት ክር የተዘረጋበትንና ለደን ሥራ የተዘጋጀውን ዓይነት ቢጠይቅ ይጠቀማል። ጎማ ሁሉ አንድ ነው የሚሉ ወገኖች ሰኔ ላይ በተመነጠረ መሬት ውስጥ አንድ ቀን ቆመው ቢመለከቱ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።

ሦስተኛው ነገር ልኩ ነው። «18.4-30» የሚለው ጽሑፍ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ወርድ፣ ሁለተኛው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ያመለክታል፤ ሁለተኛው ቁጥር ከገጠመ ጎማው ቸርኬው ላይ ይገባል፣ ይሁን እንጂ መግባቱ መግጠሙን አያረጋግጥም። የፊት ጎማዎቹም በሚጎትቱበት፣ በተለምዶ ፎር ዊል በሚባለው ትራክተር ላይ የፊቶቹ ከኋላዎቹ ከ1 እስከ 5 በመቶ ቀድመው እንዲሽከረከሩ ተደርጎ ጥርሳ ጥርሱ ይመጠናል፤ ከፊት ወይም ከኋላ አንዱ ከታሰበው የሚያንስ ወይም የሚበልጥ ዙሪያ ያለው ጎማ ሲታሰርበት ይህ ስሌት ይፈርሳል፣ ሁለቱ አክስሎችም እርስ በርስ መጓተት ይጀምራሉ። በባምባሲ በኩል የአንድ ማኅበር አዲስ ትራክተር ባለፈው ክረምት የገጠመው ይኸው ነው፤ የፊት ጎማው በሽመል ጉቶ ተቀደደ፣ የተሟላ ልኩ የተጻፈበት ወረቀት በማኅበሩ ቢሮ አልተገኘም፣ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የተላከው ጎማም የቸርኬው ልክ የገጠመ፣ ቁመቱ ግን ያነሰ ነበር። ሥራው እንዳይቆም በሚል ቅን ሐሳብ ታሰረ፤ ትራክተሩ በደረቅ ጥርጊያ መንገድ ላይ ፎር ዊሉ እንደተያያዘ ወደ ማሳና ወደ መጋዘን ሲመላለስ ሰንብቶ የፊት አክስሉ ጥርሳ ጥርስ ተበላ። በአንድ መስመር ጽሑፍ ሊዳን የሚችል ማሽን ወቅቱን ሙሉ በዛፍ ጥላ ሥር አሳለፈ፤ የማኅበሩ አባላት ግን ዕዳቸውን ሲከፍሉ ቆይተዋል፣ ዛሬም እየከፈሉ ነው።

አዲስ ትራክተር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያመጣው ችግር አብዛኛው የብልሽት ሳይሆን የርክክብ ጉድለት ነው። ፋብሪካዎች ማሽኑ በመርከብና በመኪና ላይ ታስሮ ሲጓዝ እንዳይናጥ ጎማውን ከሥራ ግፊቱ በላይ ነፍተው ይልካሉ፤ ማንም ሳይለካው ወደ ማሳ ከገባ መሬት የሚነካው የጎማው መሐል ብቻ ስለሚሆን ይንሸራተታል፣ የትራክተሩ ጉልበት ያነሰ መስሎም ይታያል። የግፊት መለኪያ ይዞ የአምራቹን ሠንጠረዥ ማየት፣ ለተለመደ ባለ ሰያፍ ክር የኋላ ጎማም እንደ ጭነቱ ከ12 እስከ 20 ፒኤስአይ ባለው ክልል ውስጥ ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው። የቸርኬው ቡሎኖች ከመጀመሪያው የሥራ ሰዓት በኋላ እንደገና መጥበቅ፣ ከዚያም እስኪረጉ ድረስ በየቀኑ መታየት አለባቸው፤ አዲስ ቀለምና አዲስ ብረት ሲላመዱ ስለሚላሉ በላላ ቡሎን የተሠራ ቀን ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ቸርኬውንም ያስጥላል።

መንሸራተቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጎማው ላይ በኖራ ምልክት ተደርጎ፣ ማረሻው ተነሥቶ ጎማው 10 ዙር እስኪዞር ትራክተሩ በማሳው ላይ የሚሄደው ርቀት ይለካል፤ ከዚያ ማረሻው ገብቶ ያንኑ ርቀት ሲሄድ 11 ተኩል ዙር ከፈጀ መንሸራተቱ 13 በመቶ ገደማ ነው፣ ይህም ጤነኛ ነው። ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ክብደት ይጨመራል፤ በጣም ርካሹ ክብደት ደግሞ ውሃ ነው፣ ቫልቩ ወደ ላይ ሆኖ ጎማው እስከ ሦስት አራተኛው ሲሞላ በአንድ 18.4-30 ጎማ ውስጥ ከ250 ሊትር በላይ ይገባል። በብርድ አገር ውሃው እንዳይረጋ ጨው መሰል ኬሚካል ይቀላቀልበታል፤ አሶሳ ግን ይህ ወጪ የለባትም።

የናፍጣው ጉዳይ አጭር ነው፤ በጀሪካንና በበርሜል ተጉዞ የመጣ ናፍጣ ውሃና ዝቃጭ ስለማያጣ ሳይጣራ ወደ ታንከሩ መግባት የለበትም፣ የውሃ መለያውም በየጠዋቱ ይከፈት። ከዚህ የሚከብደው የመጀመሪያው ሰርቪስ ነው። በብዙ ትራክተሮች ላይ የሞተሩ ዘይትና ፊልትሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀየረው በ50 ሰዓት ነው፤ ምክንያቱም አዳዲስ የሞተር ክፍሎች ሲላመዱ የሚፋቀው የብረት ብናኝ ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማል። በእርሻ ወቅት 50 ሰዓት ማለት አንድ ሳምንት ነው፤ ያም ሳምንት ሁሉም ገበሬ ተራውን የሚጠብቅበት፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚጨነቅበት ሳምንት ነው። ጥፋቱ የኦፕሬተሩ ነው የሚሉ ኃላፊዎች ኦፕሬተሩ የሚከፈለው ባረሰው ሄክታር እንደሆነ፣ ዘይት ለመቀየር የቆመበት ግማሽ ቀን ደግሞ ከኪሱ እንደሚጎድል ይዘነጋሉ። የሰርቪስ ሰዓት እንደ እርሻ ሰዓት ይከፈለው፤ ከዚያ በኋላ ቸል ካለ ይጠየቅ።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎችን ከቀረጥና ከታክስ ነፃ ማድረጉ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ የማሽን ብዛት ብቻውን ምን እንደሚያስከትል ግን ክልሉ ከማንም በላይ ያውቃል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የመጡ ሰዎች በሰፈሩባት ፓዊ፣ በ1978 ዓ.ም. በጣሊያን መንግሥት ገንዘብና በሳሊኒ ኩባንያ ተቋራጭነት የተጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክት ጫካውን በማሽን መንጥሮ በትራክተር ማረስን መሠረቱ አድርጎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሥራው ተቋረጠ፤ ሰፋሪው መለዋወጫና ነዳጅ በሌለበት ማሽን ፊት፣ ገንዲ በሬ በሚጨርስበት ቆላ ውስጥ ቀረ። ያ መሬት ከመመንጠሩ በፊት የጉሙዝ ሕዝብ ያርስበት፣ ያድንበትና ማር ይቆርጥበት እንደነበረም መታወስ አለበት።

እዚህ ላይ ሲደረስ የጎማው ነገር ወደ ሽመሉ ይመልሳል። አንድ ማሳ ላይ ጎማ ደጋግሞ የሚቀደድ ከሆነ፣ የጎማውን ዓይነት ከመቀየር በፊት ያ መሬት በእርግጥ መታረስ ነበረበት ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሽመል ሥር ተዳፋቱን አፈር ይይዛል፤ ግንዱ ለቤት፣ ለአጥር፣ ለአልጋና ለጎተራ ይውላል፤ በክረምት የሚወጣው ቡቃያው በበርታና በጉሙዝ ቤቶች ይበላል። ተዳፋት ላይ ያለን ሽመል መንጥሮ፣ ጉቶውን ሳይነቅል ትራክተር የሚያስገባ ባለ መሬት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀዩን አፈር ለጎርፍ አስረክቦ ወደ ሌላ ምንጠራ ይሄዳል፤ ይህም በአሶሳ ዙሪያ በግልጽ የሚታይ ነው። የሚቀጥለው የግዥ ሰነድ የጎማውን ጥርስ፣ ክርና ሙሉ ልክ ከመጻፉ በፊት ትራክተሩ የሚያርሰው ማሳ ሜዳ ወይም ተዳፋት፣ የቆየ ወይም አዲስ ምንጠራ መሆኑን ይጻፍ፤ ተዳፋትና ሽመል ለሆነው መሬት ደግሞ ትራክተር አይገዛ።