ስለ ቦስቶን ማዘጋጃ ቤት

በአሜሪካ አገር የቦስቶንን ከተማ የሚጐበኝ እንግዳ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1742 ዓ. ም. የተሠራውን ፋኒል ሆል የሚባለውን የጡብ አዳራሽ አይቶ ጥቂት እንደ ተራመደ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ፊት ይደርሳል። ይህ ሕንጻ ልስንም ቀለምም ያልነካው ግራጫ ሲሚንቶ ነው፤ ላይኞቹ ፎቆች ከታችኞቹ ይልቅ ወደ ውጭ ገፍተው ስለ ወጡ ከሥሩ የቆመውን ሰው ሊጫኑት የተዘጋጁ ይመስላሉ። እውነቱን ለመናገር ለእኛም ዐይን ደስ አይልም።

በ1962 በወጣው የንድፍ ውድድር ከ256 ንድፎች መካከል የካልማን፤ የማኪኔልና የኖውልስ ንድፍ ተመርጦ ሕንጻው በ1969 ተከፈተ። በ1976 የሥነ ሕንጻና የታሪክ ዐዋቂዎች ድምፅ ሲሰጡ ከአሜሪካ ታላላቅ ሕንጻዎች ስድስተኛ አደረጉት፤ ከሕዝቡ ብዙው ግን አስቀያሚ ከማለት አልተመለሰም። በ2006 ከንቲባው ሜኒኖ ሕንጻው ተሸጦ ማዘጋጃ ቤቱ ወደ ባሕሩ ዳር እንዲዛወር አሳብ አቅርበው ነበር፤ ሳይፈጸም ቀረ። በ2025 ደግሞ ከተማው በሕግ ከሚጠበቁት ቅርሶች ጋር መዘገበው።

መጠበቁን እንደግፋለን፤ ስለ ውበቱ ግን አይደለም። ለዚህ ሠፈር ሲባል ስኮሌይ የሚባለው የቀድሞ አደባባይ ከነሱቆቹና ከነቴያትር ቤቶቹ ፈርሷል። አንዱን አፍርሶ የሠራውን ደግሞ በዐርባ ዓመት ውስጥ አስጠልቶኛል ብሎ የሚጥል ከተማ፤ ለልጆቹ የሚያሳየው ምን ይቀርለታል? የ1865ቱ የቀድሞ ማዘጋጃ ቤት እንኳ ሥራው ቢለወጥም እስከ ዛሬ ቆሞ አለ።

ሁለተኛው ምክንያታችን በአሳቡ ነው። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ቅኔ ማኅሌት፤ ቅድስትና መቅደስ ሲባል እያንዳንዱ ሥፍራ ለማን እንደ ተሠራ ያውቃል፤ ይህም ሕንጻ እንዲሁ ተከፍሎ ይነበባል። ጸሐፊዎቹ ከላይ፤ ከንቲባውና ምክር ቤቱ ከመካከል ሆነው፤ ባለ ጉዳይ የሚበዛባቸው ክፍሎች ከታች ለአደባባዩ ቅርብ ተደርገዋል። ግብር ሊከፍል የመጣ ሰው የሹሙን ደረጃ እንዳይወጣ መታሰቡ የሚያስመሰግን ነው።

ነገር ግን አሳቡ በሩ ላይ ሲደርስ ተሰናከለ። አደባባዩ ጥላ የሌለው ሰፊ የጡብ ሜዳ ሆኖ በክረምት ነፋስ ሲገርፈው ኖረ፤ ደረጃዎቹም ሽማግሌውንና አካለ ስንኩሉን ከለከሉ። የሕዝቡ ቅሬታ ከሲሚንቶው ይልቅ በዚህ ላይ ቢሆን ተገቢ ነበረ፤ ሹማምንቱም ሕንጻውን ለመሸጥ ሲያስቡ የአደባባዩን ደረጃ ለማስተካከል ዘገዩ። በ2022 በተፈጸመው እድሳት ዛፍ ተተከለ፤ መቀመጫ ተሠራ፤ በመንኰራኵር ወንበር የሚሄድ ሰውም ያለ ረዳት እስከ በሩ እንዲደርስ መንገዱ በዝግታ ዘቅዝቆ ተደለደለ።